ዊልቸር ቴኒስን እንጀራ ማድረግ፦ ከመጀመሪያው ወንበር እስከ ትልልቆቹ ሜዳዎች

ደቡብ አፍሪካዊቷ ክጎታትሶ ሞንጃኔ ዊልቸር ቴኒስ የጀመረችው በ2005፣ በ19 ዓመቷ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ2018 ለንደን በሚደረገው የዊምብልደን ውድድር ላይ ስትጫወት ከአገሯ ጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። በ2023 ደግሞ ፓሪስ ላይ ከጃፓናዊቷ ዩዪ ካሚጂ ጋር በጥንድ ተጫውታ የሮላን ጋሮስን ዋንጫ አነሳች። መሃሉ 18 ዓመት ነው። በሌላው ጫፍ ጃፓናዊው ቶኪቶ ኦዳ አለ፤ በ9 ዓመቱ የአጥንት ካንሰር ይዞት፣ በ17 ዓመቱ ሮላን ጋሮስን አሸንፎ የዓለም አንደኛ ሆነ። ወሬው የሚበዛው ስለ ኦዳ ዓይነቱ ታሪክ ነው። አብዛኛው ሰው የሚሄደው ግን በሞንጃኔ መንገድ ስለሆነ መመሪያውን የጻፍኩት ለዚያ ነው። ተጫዋቹ ራሱ፣ ልጁን ሊያስገባ የሚያስብ ወላጅ፣ ወይም "በዊልቸር የሚሄድ ልጅ ክለባችን መጣ፣ ከየት ልጀምርለት?" የሚል አሰልጣኝ ሊጠቀምበት ይችላል።

ጨዋታውን ለማያውቅ በአጭሩ፦ ሜዳው፣ መረቡ፣ ኳሱና ራኬቱ ከሌላው ቴኒስ ምንም አይለዩም። ዋናው ልዩነት ኳስ ሁለት ጊዜ እስክትነጥር መጠበቅ መፈቀዱ ነው፤ ሁለተኛው ንጥረት ከመስመር ውጭ ቢሆንም ችግር የለውም። ስፖርቱን በ1976 ያስጀመረው ብራድ ፓርክስ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ነው፤ በበረዶ ሸርተቴ አደጋ ሽባ ሆኖ ገና በማገገም ላይ ነበር። በ1992 ባርሴሎና ላይ ሙሉ የፓራሊምፒክ ስፖርት ሆነ። ከ1998 ጀምሮ የሚመራው በዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን (አይቲኤፍ) ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለሙያው ትልቅ ትርጉም አለው፤ ምዝገባው፣ ደረጃው፣ የውድድር ካላንደሩ ሁሉ በአንድ ቤት ውስጥ ነው።

አንደኛ፦ ለውድድር ብቁ መሆንን ማረጋገጥ

ለመዝናናት ማንም ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ መጫወት ይችላል። በዓለም አቀፍ ውድድር ግን በሐኪም የተረጋገጠና እንቅስቃሴን የሚገድብ ዘላቂ የአካል ጉዳት መኖር አለበት። የአከርካሪ ጉዳት፣ የእግር መቆረጥ፣ የዳሌ ወይም የጉልበት መገጣጠሚያ ከባድ ጉዳት፣ ፖሊዮ ያስከተለው ድክመት ወዘተ ሊገቡበት ይችላሉ። ከእግር አልፎ እጅንም ለሚነካ ጉዳት "ኳድ" የሚባል ምድብ አለ፤ በአቴንስ 2004 ፓራሊምፒክ የገባ ሲሆን ወንድና ሴት በአንድ ላይ ይወዳደሩበታል። የኳድ ተጫዋች ጣቶቹ መጨበጥ ካልቻሉ ራኬቱን ከእጁ ጋር በፕላስተር ማሰር ይፈቀድለታል። ኳሷን ለሰርቭ (ነጥቡን ለሚያስጀምረው ምት) መወርወር ካልቻለም ሌላ ሰው ይለቅለታል።

ይህን ጉዳይ በመጀመሪያው ወር ጨርሱት። "ዊልቸር እጠቀማለሁ፤ ምን ማስረጃ ያስፈልገኛል?" ማለት ያዘናጋል፤ የሚጠየቀው የሕክምና ሰነድ ነው። እንግሊዛዊው አልፊ ሂዌት የዳሌ በሽታ አለበት፤ በዓለም ጫፍ ላይ እየተጫወተ ሳለ በወቅቱ የነበረው የብቁነት ደንብ ከስፖርቱ ሊያስወጣው ተቃርቦ ነበር፤ በ2021 ደንቡ ሲሻሻል ነው የተረፈው። ስለዚህ የቀድሞ የሆስፒታል ወረቀት፣ ራጅ፣ ኤምአርአይ፣ የቀዶ ሕክምና ሪፖርት ካለ አንድ ፋይል ውስጥ ሰብስቡ። ከጠፋ አዲስ ምርመራ አድርጉና ሐኪሙ በእንግሊዝኛ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛ፦ ወንበሩ

ገንዘብ ሲገኝ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ጥሩ ራኬት ነው። እኔ ብሆን መካከለኛ ራኬት ይዤ ያለኝን ሁሉ ወንበሩ ላይ አፈሳለሁ። በዚህ ስፖርት ደንብ ወንበሩ የተጫዋቹ አካል ነው፤ ኳስ ወንበሩን ከነካች ሰውነቱን እንደነካች ተቆጥሮ ነጥቡ ይጠፋል።

የቴኒስ ወንበር ከሆስፒታል ዊልቸር ጋር በስም ብቻ ነው የሚገናኘው። አይታጠፍም፣ ፍሬን የለውም፣ ከኋላ ሰው የሚገፋበት እጀታም የለውም። ክብደቱ 10 ኪሎ አካባቢ ነው። ትልልቆቹ ጎማዎች ከላይ ወደ ተቀማጩ ገባ፣ ከታች ሰፋ ብለው እስከ 20 ዲግሪ ድረስ ያዘነብላሉ። ማዘንበሉ ወንበሩ በፍጥነት ሲዞር እንዳይገለበጥ ያደርጋል፤ የመግፊያውን ቀለበትም ከእጅ በታች በትክክለኛው ቦታ ያመጣዋል። ከኋላ ትንሽ ጎማ አለች፤ ሰርቭ ሲመታ ወደ ኋላ ከመውደቅ የምታድን እሷ ናት።

ልኩ እንደ ጉዳቱ ይለያያል፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። እግሩ የተቆረጠና ወገቡ ጤነኛ የሆነ ተጫዋች ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ያተርፋል፤ ሰርቩ ከላይ ይወርዳል፣ ወንበሩንም በዳሌው ብቻ ያዞራል። ወገቡን መቆጣጠር የማይችል ሰው ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ግን በእያንዳንዱ ምት ይወድቃል። ለእሱ መቀመጫው ከኋላ ዝቅ፣ ጉልበቱ ከፍ፣ መደገፊያውም ትንሽ ረዘም ማለት አለበት። የሌላ ሰው ወንበር ስትገዙ ወይም በስጦታ ስትቀበሉ የምታዩት ይህን ነው።

ልኩን በዚህ ፈትኑት። ተጫዋቹ ይቀመጥ፤ በወገቡ፣ በጭኑና በእግሩ ላይ ያሉት ቀበቶዎች ይጠበቁ። ከዚያ በዳሌውና በጎን መከለያው መካከል የተዘረጋ መዳፍ አስገቡ። መዳፉ በጭንቅ ካለፈ ልክ ነው፤ ቡጢ ካለፈ ሰፊ ነው። ቀጥሎ እጁን ከጎማው ላይ አንስቶ ወገቡን ግራና ቀኝ ያወዛውዝ። ወገቡን ማንቀሳቀስ የሚችል ሰው ሆኖ ወንበሩ አብሮት ካልተነቃነቀ ቀበቶው ላልቷል ወይም መቀመጫው ሰፍቷል ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ በሚገፋ ሰው ላይ ያ ክፍተት የባከነ ጉልበት ነው።

በልክ የሚሠራ አዲስ ወንበር በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይፈልጋል። ጥሩው ዜና፣ ትልልቆቹ ተጫዋቾች ወንበር በየጊዜው ይቀይራሉ፤ ያገለገለው በብዙ ቅናሽ ይሸጣል። አሜሪካ፣ እስራኤል ወይም አውሮፓ ያለ ዘመድ ሊያግዝ ከፈለገ ከአዲስ ጫማና ልብስ ይልቅ የአካባቢውን የዊልቸር ቴኒስ ክለብ ያገለገለ ወንበር ይጠይቅልን። ወንበሩ ከመላኩ በፊት ግን ልኩ ይጠየቅ፤ የጉምሩክ ጉዳዩም ከወዲሁ ይጣራ። የስጦታ ደብዳቤና የስፖርት መሣሪያ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት አብሮ ይምጣ።

ወንበር እስኪገኝ መቀመጥ አያስፈልግም። የዊልቸር ቅርጫት ኳስ ወንበርም የሚያዘነብል ጎማ አለው፤ ለመጀመሪያው ዓመት በቂ ነው።

ሦስተኛ፦ ራኬት ይዞ መግፋት

መመሪያው ውስጥ አንድ ክፍል ብቻ የማንበብ ትዕግሥት ያለው ይህን ያንብብ።

ቆሞ የሚጫወት ሰው ወደ ጎን ሁለት እርምጃ ይረግጣል፣ ይመታል፣ ይመለሳል። ዊልቸር ወደ ጎን አይሄድም። አንድ ሜትር ወደ ቀኝ ለመጠጋት መጀመሪያ መዞር፣ ከዚያ መግፋት ግድ ነው። የጨዋታው ስልት በሙሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ሁለተኛው ንጥረት የተፈቀደውም፣ ጀማሪ "ኳሷ አጠገቤ ሆና አመለጠችኝ" የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ አያያዙ። ቀኝ እጅ ራኬት ይዟል፤ ያው እጅ ጎማውንም መግፋት አለበት። ጣቶች እጀታውን ጨብጠው ይቆያሉ፤ እጀታው በመግፊያው ቀለበት ላይ ይተኛል፤ ግፊቱ የሚመጣው ከመዳፍ ግርጌና ከአውራ ጣት ነው። የራኬቱ ፊት ወደ ውጭ ይዘረጋል እንጂ በጎማው ሽቦ ውስጥ አይገባም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆዳ ይላጣል፤ አውራ ጣትና የመዳፉን ግርጌ በፕላስተር ሸፍኑ። ከዚያ አንድ ነገር ታስተውላላችሁ፦ ባዶው ግራ እጅ ጠንክሮ ስለሚገፋ ወንበሩ ወደ ቀኝ ይጎትታል። መፍትሔው ግራውን ማዳከም አይደለም፤ ራኬት የያዘው እጅ እስኪለምድ ድረስ በሜዳው የጎን መስመር ላይ ቀጥ ብሎ መመላለስ ነው። ኳስ አያስፈልግም።

ከቆመበት ሲነሱ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ግፊቶች አጭርና ኃይለኛ ይሁኑ፤ ደረት ወደ ፊት ዘንበል፣ ዓይን ወደ ላይ። ወንበሩ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ግፊቱ ይረዝማል። ለመዞር አንዱን ጎማ ወደ ኋላ መጎተት ፈጣን ይመስላል፤ ፍጥነትን ግን ይገድላል። የተሻለው የውስጠኛውን ጎማ ለስለስ አድርጎ መያዝና ውጨኛውን መግፋት ነው። ወንበሩ ቅስት ሠርቶ ይዞራል፣ ፍጥነቱንም ይዞ ይወጣል።

ቀጥሎ ቦታ። ከኋላ መስመሩ ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ኋላ፣ በመሃል በኩል ያለው አካባቢ መነሻችሁ ነው። ኳስ ከተመታ በኋላ ወደዚያ የሚመለሰው ተሸከርክሮ፣ ሳይቆም ነው። ተጋጣሚው ኳሱን በሚመታበት ቅጽበት ወንበራችሁ እየተንከባለለ መሆን አለበት። ዝግ ብሎም ቢሆን ይንከባለል። የቆመ ወንበር ለማንቀሳቀስ የሚወጣው ጉልበት ትከሻን ይጨርሳል፤ ያ ግማሽ ሰከንድም ነጥቡን ያስበላል። ዓይን ግን ከተጋጣሚው አይነሳም፤ ጀርባችሁ ወደ መረቡ በዞረበት ጊዜ እንኳ በትከሻ ላይ አሻግሮ ማየት ይለመዳል።

ለልምምድ የሚያስፈልገው ውኃ የተሞሉ ሁለት የሃይላንድ ጠርሙሶች ናቸው። አምስት ሜትር አራርቃችሁ አቁሟቸውና ራኬት ይዛችሁ የስምንት ቁጥር ቅርጽ እየሠራችሁ ዙሩ። ለአንድ ደቂቃ ሥሩ፣ አንድ ደቂቃ አርፉ፣ ድገሙት። ሲለመድ አሰልጣኙ በመሃል "ግራ!" "ቀኝ!" እያለ ያስለውጣችሁ። ከዚያ ኳስ በእጁ ይወርውር፤ እናንተ ሳትመቱ ደርሳችሁ በግራ እጃችሁ ለመያዝ ሞክሩ። በግራ እጅ መያዝ ከቻላችሁ ለመምታት በጣም ቀርባችኋል ማለት ነው፤ ለራኬት አንድ ክንድ ያህል ቦታ መቅረት ነበረበት። ይህ ልምምድ አሰልቺ ነው። ከሳምንቱ የሜዳ ሰዓት ግማሹ ያህል እዚህ ላይ ቢውል ግን አያስቆጭም።

አራተኛ፦ ምቶቹ

አንድ ተራ የቴኒስ አሰልጣኝ ራኬት አያያዝን ሊያስተምር ይችላል። "ዊልቸር ቴኒስ አላውቅም" ብሎ ለሚያፈገፍግ አሰልጣኝ መልሱ ይህ ነው፤ ምቱን እሱ ያውቃል፣ ግፊቱን ከዚህ በላይ ካለው ይጀምር። እሱ ሊያውቃቸው የሚገቡ ልዩነቶች ጥቂት ናቸው።

ሰርቭ ላይ እግር ስለሌለ ኃይል ከትከሻና ከወገብ ይመጣል። ከመምታት በፊት አንድ ግፊት ብቻ ይፈቀዳል፤ ጎማ የኋላ መስመሩን መንካት የለበትም። ፍጥነት ከመፈለግ ይልቅ ወደ ጎን የምታመልጥ የስላይስ ሰርቭ ይማሩ፤ ወንበር ወደ ጎን ስለማይሄድ ተጋጣሚውን ከሜዳ ታስወጣዋለች። ቀጥታ ወደ ወንበሩ የምትመታ ሰርቭም እንዲሁ ታስጨንቃለች። በሚመታበት ጊዜ የተጫዋቹ ቂጥ ከወንበሩ መነሳት የለበትም፤ ቢያንስ አንዱ ወገን መንካት አለበት። እግርን እንደ ፍሬን መሬት ላይ ማሳረፍ ያስቀጣል፤ ትንሽ መራመድ የሚችሉ ተጫዋቾች ይህንን ሳያስቡት ያደርጉታል።

ባክሃንድ (የእጅ ጀርባ ወደ ፊት ሆኖ የሚመታው) የራሱ ዓለም አለው። ከተቀመጠ ሰው ትከሻ በላይ የምትነጥር ኳስ በተለመደው ባክሃንድ አትመታም። ስለዚህ ብዙዎች ክርናቸውን ከፍ አድርገው፣ አያያዝ ሳይቀይሩ፣ ፎርሃንድ (በመዳፍ በኩል የሚመታውን) በሚመቱበት የራኬት ፊት ይመቷታል። ቀድሞ ስላይስ (ኳሷን ከሥር እየቆረጡ መምታት) ብቻ ይበቃ ነበር። ጃፓናዊው ሺንጎ ኩኒዬዳ ኳሷን ወደ ፊት በሚያሽከረክረው የቶፕስፒን ባክሃንዱ ጨዋታውን ከፍ ካደረገው ወዲህ አይበቃም።

ሁለተኛው ንጥረትስ? ተፈቀደ ማለት ሁልጊዜ ይጠበቅ ማለት አይደለም። ሁለተኛውን የሚጠብቅ ሰው ከኋላ መስመሩ ብዙ ሜትር ርቆ ይመታል፤ ተጋጣሚው በዚያ ጊዜ ተመልሶ ቦታውን ይይዛል። ጫፍ ላይ ያሉት በተቻላቸው መጠን ከመጀመሪያው ንጥረት በኋላ ይመታሉ።

አብሮ የሚለማመድ የዊልቸር ተጫዋች ከሌለ ቆሞ ከሚጫወት ሰው ጋር ተጫወቱ። ደንቡ ራሱ ይፈቅዳል፤ ለእሱ አንድ ንጥረት፣ ለእናንተ ሁለት። የሜዳው ዓይነትም ልዩነት አለው። አፈር ሜዳ ላይ ጎማ ይሰምጣል፣ ሣር ላይ ደግሞ ይባስ ይከብዳል። የዊምብልደን የዊልቸር ነጠላ ውድድር እስከ 2016 ያልተጀመረው በአብዛኛው በዚህ ስጋት ነበር። ምርጫ ካለ ሲሚንቶ ወይም አስፋልት ሜዳ ላይ ጀምሩ።

ለአዲስ አበባ ሰው አንድ ተጨማሪ ማሳሰቢያ። ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ትፈጥናለች፣ ከፍ ብላም ትነጥራለች። የቴኒስ ደንብ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ የተለየ የከፍታ ኳስ ያውቃል። በተራ ኳስ የለመደ ልጅ ከተማው ውስጥ ምቱን ያሳጥራል፤ ወደ ቆላ አገር ውድድር ሲወርድ ኳሱ ሁሉ መረብ ላይ ይቀራል። የከፍታ ኳስ ካልተገኘ ያረጀ፣ ግፊቱ የቀነሰ ኳስ ይሻላል። ወደ ውድድር ስትሄዱም ሁለት ሦስት ቀን ቀድማችሁ ድረሱ።

አምስተኛ፦ ሰውነትን መጠበቅ

ትከሻ በዚህ ሙያ ሁለት ሥራ አለው፤ ይገፋል፣ ይመታል። ከሜዳ ውጭም እረፍት የለውም፤ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መኪና የሚያሻግረው እሱ ነው። ኩኒዬዳ ቀኝ ክርኑን ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። መግፋትና መምታት የፊት ጡንቻን ስለሚያጠነክሩ ከኋላ ያሉት የትከሻ ጡንቻዎች መመጣጠን አለባቸው። በላስቲክ የሚሠራ ወደ ኋላ የመጎተትና ክንድን ወደ ውጭ የማዞር ልምምድ በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል፤ የሚያሳየው ፊዚዮቴራፒስት ግን ይኑር።

የአከርካሪ ጉዳት ላለበት ሰው ሌላም አለ። ስሜት በሌለው ቆዳ ላይ መቀመጫ ያቆስላል፣ ሰውየው ግን አያውቀውም። ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ በመስታወት ወይም በቤተሰብ ዓይን ይታይ። መቅላቱ ሳይጠፋ ከቆየ ሜዳ አይግቡ። ጉዳቱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የሆነ ተጫዋች ላብ ስለማያልበው በሙቀት በቀላሉ ይጎዳል፤ እርጥብ ፎጣና የሚረጭ ውኃ የሜዳ ዕቃው ናቸው። ሽንት ቤት ለመሄድ ላለመቸገር ብሎ ውኃ አለመጠጣት የተለመደ ነው፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አምጥቶ ከውድድር ያስቀራልና ተዉት። በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ መድኃኒት ካለ ከአበረታች ዕፅ ዝርዝር ጋር ይመሳከር፤ ካለበት ከውድድር በፊት ፈቃድ ይጠየቅ።

ስድስተኛ፦ ወደ ደረጃው መግባት

ፕሮፌሽናል የሚያሰኘው ደረጃ ነው። በአይቲኤፍ ድረ ገጽ ላይ አይፒን የሚባል የተጫዋች መለያ ቁጥር ታወጣላችሁ፤ የሕክምናውን ሰነድ ታያይዛላችሁ፤ ከአገር ፌዴሬሽናችሁ ጋርም ትነጋገራላችሁ። በውድድር የሚመዘገበው በዚህ ቁጥር ነው። የመመዝገቢያው ቀን ካለፈ የሚለምኑት ሰው የለም፤ ቀኖቹን ስልካችሁ ላይ አስገቡ።

ውድድሮቹ መሰላል አላቸው። ከታች ፊውቸርስ የሚባሉት፣ ከዚያ በቁጥር የተለዩት፣ ከላይ ሱፐር ሲሪስ፣ ቁንጮው ላይ አራቱ ግራንድ ስላሞች (አውስትራሊያን ኦፕን፣ ሮላን ጋሮስ፣ ዊምብልደንና ዩኤስ ኦፕን)። ይህ የዓለም አቀፍ ውድድሮች ዙር በ1992 ሲጀመር ውድድሮቹ 11 ነበሩ፤ ዛሬ በ40 ያህል አገሮች ከመቶ በላይ ናቸው። የደረጃ ነጥብ ለ52 ሳምንት ይቆያል፤ ዓመት ሲሞላው ይወድቃል። ስለዚህ በሚያዝያ ጥሩ የተጫወተ ሰው በቀጣዩ ሚያዝያ ካልተጫወተ ደረጃው ይንሸራተታል።

በመጀመሪያው ዓመት የምመክረው፣ ቅርብ ባለ አገር ሁለት ወይም ሦስት ፊውቸርስ ተከታትለው በሚደረጉበት ወቅት መሄድ ነው። አንድ የአውሮፕላን ቲኬት ሁለት ውድድር ይሸፍናል። በመጀመሪያ ዙር ለተሸነፉ የማጽናኛ ዙር ያለውን ውድድር ምረጡ፤ በመጀመሪያው ዓመት የሚያስፈልገው የጨዋታ ብዛት ነው። ጥንድ ጨዋታም ሁልጊዜ ተመዝገቡ። አጣማሪ ከሌላችሁ ለውድድሩ ዳይሬክተር ጻፉ። ብዙ የሙያ ወዳጅነት የተጀመረው በዚያ ነው፤ የሞንጃኔ ትልቁ ዋንጫም የመጣው በጥንድ ነው።

ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ልጅ የወጣቶች ዙር አለው። ዩኤስ ኦፕን በ2022 የወጣቶች የዊልቸር ውድድር ጀምሯል።

ሰባተኛ፦ ገንዘቡ

እዚህ ላይ ማሽሞንሞን አያስፈልግም። በ2024 ዊምብልደን የነጠላ አሸናፊ 2.7 ሚሊዮን ፓውንድ ሲወስድ የዊልቸር ነጠላ አሸናፊ የወሰደው 65,000 ፓውንድ ነው። ያም ቢሆን ከቁንጮው ነው፤ የግራንድ ስላም የወንዶችና የሴቶች የዊልቸር ነጠላ ለረጅም ጊዜ 8 ሰው ብቻ ይይዝ ነበር፤ ዩኤስ ኦፕን በ2022 ወደ 16 አሳድጎታል። ከዚያ ውጭ ያለው ተጫዋች ለቲኬት፣ ለመመዝገቢያና ለሆቴል የሚያወጣው ከሽልማቱ ይበልጣል። ብዙ ውድድሮች ማደሪያ፣ ምግብና ከአውሮፕላን ጣቢያ ማመላለሻ በአንድ ዋጋ ያስከፍላሉ፤ ከመመዝገባችሁ በፊት ያንን ዋጋ ጠይቁ።

ስለዚህ ሥራ አትልቀቁ። ኩኒዬዳ በ2004 አቴንስ ላይ በጥንድ፣ በ2008 ቤጂንግ ላይ በነጠላ ወርቅ ካገኘ በኋላ እንኳ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ነበር፤ ለቆ ሙሉ በሙሉ ፕሮፌሽናል የሆነው በ2009 ነው። ያው ሰው በ50 የግራንድ ስላም ዋንጫ በ2023 ጡረታ ወጣ።

ስፖንሰር ስትጠይቁ አዘኔታ አትሽጡ። አንድ ገጽ ጻፉ፤ አሁን ያላችሁበት ደረጃ፣ በዓመቱ የምትሄዱባቸው ውድድሮች፣ የእያንዳንዱ ወጪ በብርና በዶላር፣ ድርጅቱ ስሙን የሚያይበት ቦታ (ማሊያ፣ ወንበር፣ ማኅበራዊ ሚዲያ)። ሙሉ ዓመቱን ከምትጠይቁ አንድ ወጪ ለይታችሁ ጠይቁ፤ "ለሁለት ውድድር የአውሮፕላን ቲኬት" የሚል ጥያቄ ቶሎ መልስ ያገኛል። ውድድሩ ሲያልቅ ውጤቱን፣ ቢሸነፍም፣ በፎቶ አስደግፎ መላክ አይረሳ። ለሁለተኛ ጊዜ የሚሰጥ ሰው የሚገኘው እንዲህ ነው።

ውጭ ያለን ወጣት በተመለከተ መንገዱ ቀለል ይላል። አሜሪካ ውስጥ አላባማ ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ ተቋማት የዊልቸር ቴኒስ ቡድን አላቸው፤ ከትምህርት ጋር አብሮ ይሄዳል። እስራኤል ውስጥ ደግሞ ራማት ጋን ያለው የአካል ጉዳተኞች ስፖርት ማዕከል ለዓመታት ተጫዋች ሲያፈራ ቆይቷል። ኖአም ገርሾኒ በ2012 ለንደን ላይ በኳድ ነጠላ ወርቅ ያመጣው ለእስራኤል ነው።

ስምንተኛ፦ ጉዞ

ሁለት ወንበር ይዞ መሄድ ነው፤ የቀን ወንበርና የሜዳ ወንበር። የሜዳውን ጎማዎች ፈትታችሁ በቦርሳ አድርጉ፤ ከመስጠታችሁ በፊት ወንበሩን ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አንሱት፤ ተሰብሮ ቢመጣ ማስረጃ ይሆናል። መለዋወጫ የውስጥ ጎማ፣ ትንሽ ፓምፕ፣ የወንበሩን ብሎኖች የሚፈቱ ቁልፎች በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይግቡ፤ በእጅ ሻንጣ ከያዛችኋቸው ፍተሻ ላይ ሊወሰዱ ይችላሉ።

ሆቴል ስትጠይቁ "ለአካል ጉዳተኛ ይመቻል" የሚል መልስ አትቀበሉ፤ የመታጠቢያ ቤቱን በር ስፋት በሴንቲሜትር ጠይቁ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄድ ሰው ደግሞ ቪዛውን ከሁሉ ያስቀድም። ከውድድሩ አዘጋጅ የግብዣ ደብዳቤ፣ ከፌዴሬሽን የድጋፍ ደብዳቤ፣ የሆቴልና የመመለሻ ማስረጃ በአንድ ፋይል ይሁን፤ አብሮ የሚሄደው አሰልጣኝ ወይም ረዳትም በስሙ ይጠቀስ።

ዘጠነኛ፦ የአገር ቡድን

ፓራሊምፒክ በግል ተመዝግቦ የሚገቡበት ውድድር አይደለም። ደረጃ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በተጨማሪ ለአገር ቡድን መሰለፍ ይጠይቃል፤ ስሙን የሚያቀርበው ደግሞ የአገሩ ፓራሊምፒክ ኮሚቴ ነው። የኢትዮጵያ የፓራሊምፒክ ሜዳሊያ ሁሉ ከአትሌቲክስ ነው፤ ትዕግሥት ገዛኸኝ በቶኪዮ የመጀመሪያውን ወርቅ ያመጣችውም በ1,500 ሜትር ሩጫ ነው። ራኬት ይዞ ፌዴሬሽን በር የሚያንኳኳ ሰው ስለዚህ ማስረዳት የሚጀምረው ከሀ ሁ ነው። የተጫዋች ቁጥር፣ የውድድር ውጤትና የዓመት ዕቅድ በወረቀት ይዞ ቢሄድ ይሰሙታል።

የዓለም ቡድኖች ዋንጫ በየአህጉሩ ማጣሪያ አለው፤ አፍሪካም የራሷ አላት። አንድ ግጥሚያ ሁለት ነጠላና አንድ ጥንድ ጨዋታ ነው። ስለዚህ አንድ ጎበዝ ተጫዋች ብቻውን ቡድን አይሆንም፤ ሁለት ሰው ግን ይሆናል። ሁለተኛውን የመፈለጊያው ቦታ የዊልቸር ቅርጫት ኳስ የሚለማመዱበት ሜዳ ነው፤ መግፋትና መዞር የሚያውቁ ልጆች እዚያ አሉ። ትርፍ ራኬት ይዛችሁ ሂዱና ከልምምዳቸው በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠይቋቸው።